ያውቁ ኖሯል? ሜሪ ሬይቢ አውስትራሊያ የገባችው ሁለት ጊዜ ነው
ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 160,000 የሚያህሉ እስረኞችን በግዞት ወደ አውስትራሊያ ልካለች። ከእነሱ የሚወለዱ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ብዙ ሰነድ ያገኛሉ፤ በተለይ የታዝማኒያ ጸሐፊዎች የእስረኛውን ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ንቅሳት ሳይቀር መዝግበዋል። አስቸጋሪው እስረኛው ራሱ ያስመዘገበው ነው።

ዛሬ ምስሏ በአገሪቱ የ20 ዶላር ኖት ላይ የሚታየው ሜሪ ሬይቢ ገና በልጅነቷ ፈረስ ሰርቃ ስትያዝ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሜ ጄምስ ባሮው ነው ብላ ነበር። በ1792 ሲድኒ ደረሰች፤ አገባች፣ ነገደች፣ የመርከብ ባለቤትም ሆነች። በ1820 እንግሊዝን ልትጎበኝ ሄዳ በዓመቱ ተመለሰች። ታዲያ በ1828ቱ የሕዝብ ቆጠራ በ1821 በነጻነት የመጣች ተብላ ተመዘገበች። ዋሸች እንዳይባል መጥታለች፤ የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻ ዘለለችው። ስለዚህ ብልህ ፈላጊ ቆጠራውን ከፍርድ ቤት መዝገብና ከመርከብ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል።