የሞተር ሳይክል ቀለም ለምን ይፈዛል?



ጮሌ ደጋ ነው፤ ብርድ አለው። ስለዚህ ፀሐዩ አይጎዳም እንዳትሉ። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር፣ ቀለም የሚያበላሸው የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ደጅ የሚውል ሞተር ሳይክል ቀለሙ ከላይ ከላዩ ይሞታል። ስትነኩት ጣታችሁ ላይ ዱቄት ይቀራል። ከሥር ያለው ግን ገና ደኅና ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ሞተሩን ጥላ ውስጥ አቁሙ። ሲበርድ በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡት። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ይቧጭረዋል።

ሁለተኛ፦ ፖሊሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይዛችሁ በቀስታ እሹ። ፖሊሽ የሞተውን ቀለም ይልጣል። ጠርዝ ላይ አታብዙ። ቀለሙ ካለቀ ብረቱ ይወጣል፤ ዝገት ይገባል። ቀለሙ ቀድሞ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም። እንደገና ማስቀባት ነው።

ሦስተኛ፦ ሰም ቀቡት። ሰም አይልጥም፤ ይጠብቃል። ፍሬንና ጎማ እንዳይነካ ተጠንቀቁ! ፍሬን ካሟለጨ ሰው ይሞታል።

የፖሊሹና የሰሙ ቆርቆሮ ይመሳሰላሉ። ጽሑፉም ብዙ ጊዜ በውጭ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ባለሱቁን ጠይቁ። ቤት ስትገቡ «የሚልጥ»፣ «የሚጠብቅ» ብላችሁ በወረቀት ጻፉና ለጥፉበት። ከዚያ በኋላ ልጃችሁም ጎረቤታችሁም አይሳሳትም። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ደኅና ሁኑ።