የማያጠግግ ቁስል

በምላስ ጠርዝ ላይ የምስር ክክ የምታህል ቁስል ትወጣለች። መጀመሪያ ላይ ሕመም ስለሌላት ሰውየው “ጥርሴ ነክሶኝ ነው” ብሎ ይተዋታል። ሳታጠግግ ስትቀር ከቁስሏ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰር ህዋሳት ይገኛሉ። ዓይን የሚይዘው ግን በዙሪያቸው ያለው ሥጋ ነው፤ እሱም ጠባዩን ለውጧል።

የአፋችንን የውስጥ ልባስ ከሥሩ ካለው ሥጋ የሚለይ ስስ ድንበር አለ። ካንሰሩ ድንበሩን ሲጥስ ፋይብሮብላስት የተባሉ ህዋሳትን ያገኛል። እነዚህ የሰውነት ጠጋኞች ናቸው። ቁስል ባለበት ኮላጅን የተባለውን ክር እየፈተሉ ይጠግኑና ቁስሉ ሲያጠግግ ሥራቸውን ያቆማሉ። ከካንሰር አጠገብ ግን ማቆም የለም። ካንሰሩ ቲጂኤፍ ቤታ በተባለ ፕሮቲን እየቀሰቀሳቸው ሲፈትሉ ይኖራሉ፤ ሐኪም በጣቱ ሲዳስስ የሚያገኘው ጥጥር ያለ እብጠት በከፊል የእነሱ ድር ነው። ያንኑ ድር የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም ያመነጫሉ፤ ካንሰሩ በተከፈተለት ቀዳዳ ይገባል። አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሃሮልድ ድቮራክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር ያመሳሰለው በከንቱ አልነበረም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመንጋጋው ነው። የድድ ካንሰር አጥንት ሲቦረቡር ቦርቧሪዎቹ በአብዛኛው ኦስቲዮክላስት የተባሉ የራሳችን ህዋሳት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ያረጀ አጥንት እያፈረሱ ለአዲሱ ቦታ ሲያዘጋጁ የኖሩ ናቸው። ካንሰሩ ከልክ በላይ ያሠራቸዋል። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ የተቀመጡ የእድገት ፕሮቲኖች ይለቀቃሉ፤ እነሱም መልሰው ካንሰሩን ያፋፉታል።

አንዳንዴ ሥጋው ከካንሰሩ ቀድሞ ይበላሻል። በሕንድ አሬካ የተባለውን ፍሬ ዘወትር ከሚያኝኩ ሰዎች የአንዳንዶቹ ጉንጭ ውስጥ ጠባሳ እየተጋገረ አፋቸውን መክፈት ያቅታቸዋል። ካንሰር ገና አልያዛቸውም፤ ከእነሱ አንዳንዶቹን ግን ቆይቶ ይይዛቸዋል።

ካንሰሩ እንዲህ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ነው ሐኪሞች የቁስሉን ስፋት ብቻ ለክተው የማይተዉት። ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ካንሰር እንኳ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከጠለቀ ከመጀመሪያው ደረጃ ያልፋል። ጥልቀቱ ደግሞ በመስታወት አይታይም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት አልፎት ያላጠገገ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው፣ ባያመውም እንኳ፣ ለጥርስ ሐኪም ያሳይ።