በርሜል ሁሉ አንድ አይደለም

በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎ፣ ከመሥሪያ ቤት መልስ በግቢው ጥግ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ ወጣት የሚያሰጋው መጋዙ ብቻ አይምሰለው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ገልጿልና።

መከላከያው አስቸጋሪ አይደለም። በማሽን የተሳበው አየር በሾጣጣ ዕቃ ውስጥ እንደ አውሎ ነፋስ ሲሽከረከር፣ ሰጋቱራው ወደ ዳር ተገፍቶ ከሥር ወዳለው በርሜል ይወርዳል፤ ያመለጠውን ደቃቅ ብናኝ ማጣሪያው ይይዘዋል።

ታዲያ የትኛው በርሜል ይሻላል? ስሱ ፕላስቲክ፣ ቱቦው በተደፈነ ጊዜ የውጭው አየር ተጭኖ ያጨማድደዋል፤ 200 ሊትር የሚይዘው የብረት በርሜል ግን ይበልጥ ይቋቋማል። ክዳኑም ጎማና ማጥበቂያ ቀለበት ያለው ይሁን፤ በስንጥቅ አየር ከገባ የወረደው ሰጋቱራ ተመልሶ ይነሣልና። በርሜሉም ሳይሞላ ይደፋ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሻጩን «ቀድሞ ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ፀረ ተባይ የነበረበት ከቤት አይግባ። ቤንዚን የነበረበትም ባዶ ቢመስል፣ በውስጡ የቀረው ተን በብየዳ እሳት ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ወጣቱ ገዢ ከዋጋው በፊት የበርሜሉን ታሪክ ይመርምር።