«አልደረሰኝም» ሲባል ሎጉ ምን ይላል?

ኢሜይል አዲስ አበባ የገባው ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው፤ ከገባባቸው በሮች አንዱም ካዛንቺስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ መልእክት ይሰበስብ፣ በስልክ መስመር ወደ ለንደን ደውሎ ያስረክብ፣ ከዚያ የመጣውንም ይረከብ ነበር። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በፊዶኔት ጊዜ የስልኩ መስመር ቢቋረጥ ደብዳቤው እስከሚቀጥለው ጥሪ ወረፋ ይዞ ይጠብቅ ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር። የዛሬው የሜይል ሰርቨርም ሥራው ያው ነው፦ ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ያስተላልፋል፤ ያደረገውንም ሁሉ ይመዘግባል።

ይህ መዝገብ ሎግ ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያለውን፣ ደብዳቤ ተረካቢው የሚፈርምበትን የወጪ መዝገብ ያህል ነው። ፕሮፎርማ ላኪው «ልኬያለሁ»፣ ተቀባዩ «አልደረሰኝም» ሲል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሎጉን ያልከፈተ ሰው በመካከላቸው መፍረድ የለበትም።

በብዛት ከሚሠራባቸው የሜይል ሰርቨር ፕሮግራሞች አንዱ የሆነውን ፖስትፊክስን እንውሰድ። ኡቡንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ መዝገቡ ቫር በሚባለው ማህደር ውስጥ ባለው የሎግ ማህደር «ሜይል ሎግ» ተብሎ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ለተቀበለው ለእያንዳንዱ መልእክት የወረፋ መለያ ይሰጠዋል። ፍለጋው ሁለት ዙር ነው፦ መጀመሪያ በተቀባዩ አድራሻ ፈልጎ መለያውን ማግኘት፣ ቀጥሎ በመለያው እንደገና መፈለግ። ያኔ ማን እንዳስገባው፣ ለየትኛው ሰርቨር እንደቀረበና ምን መልስ እንደተሰጠው በተርታ ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር ምንም ካልተገኘ አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱ ሰርቨሩ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው፤ ችግሩ ላኪው ኮምፒውተር ላይ ወይም በቢሮው መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ደንበኛው «ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ላኩት» ይላል። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተስተካከለ 09:15፣ ውጭ አገር ተከራይተውት በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 06:15 ብሎ ይጽፋል። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው። ይህን ሳያሰላ ፍለጋ የጀመረ ሰው ትክክለኛውን መስመር እያየ ያልፈዋል።

የመስመሩ መጨረሻ ላይ ከሚታዩት ቃላት «ሰንት» ማለት የተቀባዩ ሰርቨር 250 ብሎ ተረክቧል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ኃላፊነቱ የተረካቢው ነው፤ ሰውየው ካላየው ስፓም ውስጥ ይፈልግ። «ዲፈርድ» ከሆነ በ4 የሚጀምር ቁጥር አለው፤ ለጊዜው አልተሳካም፣ እንደገና ይሞከራል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ፖስትፊክስ ካልተነገረው በስተቀር እስከ 5 ቀን ድረስ እየደጋገመ ይሞክራል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ላኪውን አያስጠነቅቅም። መልእክቱ የጨረታ ሰነድ ከሆነ፣ ጨረታው በ2ኛው ቀን ሲዘጋ ላኪው ደርሷል ብሎ ተቀምጧል። የማስጠንቀቂያውን ጊዜ 4 ሰዓት አድርጎ ማስተካከል የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ሁሉም ቢሮ ሊያደርገው ይገባል።

«ባውንስድ» ደግሞ በ5 የሚጀምር ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። 5.1.1 ከሆነ እንዲህ ያለ አድራሻ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስሕተት ነው። 5.2.2 ከሆነ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል። አስቸጋሪው እንዲህ የሚመጣው ነው፦

«06:15:08 … ዲሌይ 2.4፣ ዲ.ኤስ.ኤን 5.7.26፣ ስታተስ ባውንስድ»

ጂሜይል በ2.4 ሰከንድ ውስጥ «ላኪው ማንነቱን አላረጋገጠም» ብሎ መልሶታል። ካዛንቺስ ውስጥ ለዚህ ምቹ የሆነ ሁኔታ አለ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩን ሲያነሣ ቢሮዎችም አብረው ተነሥተዋል። ሰርቨሩን ቢሮው ውስጥ ያስቀመጠ ድርጅት ሲዛወር አዲስ መስመር፣ ከአዲሱ መስመር ጋርም አዲስ አይ.ፒ. ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። በዶሜኑ ስም «ከእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ነው የምልከው» ብሎ ያወጣው የኤስ.ፒ.ኤፍ. ዝርዝር ግን የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። መልእክቱ ከዶሜኑ መምጣቱን የሚያረጋግጠው የዲኪም ፊርማም ከሌለው ጂሜይል የሚያምንበት ምክንያት አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ጂሜይል ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን ከሁሉም ላኪ ይጠይቃል። ሠራተኞቹ ኮምፒውተራቸውን ፎርማት ያስደርጋሉ፣ የይለፍ ቃል ይቀይራሉ፤ መልሱ ግን ሎጉ ላይ ተጽፎ ነበር።

መፍትሔው ዝርዝሩን ማደስ ነው። ከዚያም ቁጥሩ ሲጠየቅ የሰርቨሩን ስም እንዲመልስ የማስደረግ ሥራ አለ፤ ቁጥሩ የኢንተርኔት አቅራቢው ንብረት ስለሆነ ይህን ድርጅቱ ራሱ ማድረግ አይችልም፣ አቅራቢውን መጠየቅ አለበት። የቢሮ ዝውውር ሲታቀድ ይህ ጥያቄ ከጠረጴዛና ከወንበሩ ቀድሞ መግባት አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል። ኡቡንቱ ካልተነገረው በስተቀር አሮጌ ሎግ የሚያቆየው 4 ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሰርዘዋል። የጨረታ ቅሬታ ግን ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላም ሊነሣ ይችላል። የመቆያውን ጊዜ ወደ 1 ዓመት ማሳደግ ብዙ የዲስክ ቦታ አይፈጅም፤ ፋይሉ ተጨምቆ የሚቀመጥ ጽሑፍ ብቻ ነው።