አንቲባዮቲክ በጀብራ፦ ከሰይደሊያው መስኮት በኋላ የሚቀረው ሥራ

ካርቱም ውስጥ ቁርስ ዘግይቶ ነው የሚበላው። ጠዋት በሻይና በብስኩት ይታለፍና «ፈጡር» የሚባለው ዋናው ቁርስ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ምሳው ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ይሆናል፤ ማታ ቀለል ያለ ነገር ይቀመስና ይተኛል። በደቡብ ካርቱም ጀብራ ሰፈር የኖረ ሐበሻ ይህን ሥርዓት ለምዶታል፤ በተለይ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር እህታችን የምትበላው ቤቱ ሲበላ ነው። ይህች ሴት የሳንባ ምች ይዟት አሞክሳሲሊን ታዘዘላት እንበል። የሰይደሊያው (የመድኃኒት ቤቱ) ባለሙያ ፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ «1×3» ብሎ ይጽፍላታል፤ በቃል ደግሞ «ከምግብ በኋላ» ይላታል። እሷም እንደተባለችው አንዱን ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 10 ሰዓት፣ የመጨረሻውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ትውጣለች። የታዘዘውን ፈጽማለች። ሆኖም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ረፋድ 4 ሰዓት ድረስ 13 ሰዓት ምንም ሳትወስድ ታልፋለች።

ጤነኛ ኩላሊት ባለው ሰው ደም ውስጥ የአሞክሳሲሊን መጠን በየአንድ ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያን የሚገድለው መጠኑ በአንድ ጊዜ በጣም ስለበዛ ሳይሆን፣ በቂ ሆኖ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየ ነው። ስለዚህ «በቀን 3 ጊዜ» ሲባል ሐኪሙ በሐሳቡ ያለው «በየ8 ሰዓቱ» ነው፤ በኛ ሰዓት ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4 ማለት ነው። አሞክሳሲሊን ደግሞ ምግብ አይጠብቅም፤ በባዶ ሆድም ይወሰዳል። ያቺ ሴት ቤቱ ቁርስ እስኪያቀርብ መጠበቅ አልነበረባትም፤ ይህን የነገራት ሰው ግን የለም። (በቀን 2 ጊዜ የሚሰጥበት ሁኔታም አለ፤ እሱን የሚወስነው በሽታውን ያየው ሐኪም ነው።)

የሰዓት አቆጣጠሩም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ሱዳናዊው ባለሙያ «ጠዋት 8 ሰዓት» ሲል የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አንዱን በእነሱ፣ ሌላውን በኛ ሰዓት ቆጥሮ የሚውጥ ሰው አንድ ቀን ሁለት መጠን አቀራርቦ ይወስዳል፣ ሌላ ቀን ግማሽ ቀን ይዘልላል። አረብኛ መናገር የሚችል ሁሉ አረብኛ አያነብም፤ በፓኬቱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛም እንዲሁ። የአንቲባዮቲክ ሕክምና በእኔ እምነት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒቱ ድክመት አይደለም። ከመስኮቱ እስከ መኝታ ቤት ባለው መንገድ፣ ሳይነገር በቀረው ነገር ነው የሚበላሸው።

መድኃኒቱን በበቂ መጠንና በአግባቡ የመውሰድ ጉዳይ ከአንቲባዮቲክ ታሪክ ጋር አብሮ የመጣ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ለንደን ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ለሕክምና የሚውል መድኃኒት እስኪሆን ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። በየካቲት 1941 ኦክስፎርድ ላይ አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ ፊቱና ዓይኑ መግል ይዞ ሊሞት ሲል ተሰጠው። በቀናት ውስጥ ትኩሳቱ በረደ፣ ምግብ መብላት ጀመረ። በዓለም ላይ የነበረው ፔኒሲሊን ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ከሽንቱ እያጣሩ መልሰው እስከ መስጠት ደረሱ፤ እሱም አለቀ፤ ሰውየው አገረሸበትና በመጋቢት ሞተ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ሰው ያለ በቂ እውቀት አነስተኛ መጠን እየወሰደ ባክቴሪያውን እንዳያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር።

ከአወሳሰዱ በፊት ግን «መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ ነው ወይ?» የሚለው ይቀድማል። አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመምና አብዛኛው ሳል የቫይረስ ሥራ ስለሆነ በሱ አይድንም። ካርቱም ውስጥ «ኢልቲሃብ (ብግነት) አለብህ» የሚለው ቃል ጉሮሮንም፣ የሽንት ቧንቧንም፣ ጥርስንም ያጠቃልላል፤ ኢልቲሃብ የተባለ ሰው ደግሞ አንቲባዮቲክ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በካርቱም ክፍለ ግዛት 1,750 ጎልማሶችን ጠይቆ፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ከአሥሩ ሰባት በላይ የሚሆኑት አንቲባዮቲክ ወይም የወባ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደወሰዱ አግኝቷል። አዲስ አበባም ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለችም።

የታይፎይዱ ጉዳይ ከሁሉ ይብሳል። ካርቱምም ሆነ ጎንደር ትኩሳት ይዞት ላብራቶሪ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደረግለት «ዊዳል» የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ምርመራው ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚለካው። ያ ደግሞ በቀድሞ በሽታ ወይም በሌላ ተህዋሲ ምክንያት ሊገኝ ይችላል። በአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻ ታይፎይድ አለ ብሎ መወሰን አስተማማኝ አይደለም፤ አስተማማኙ የደም ካልቸር ነው። በየዓመቱ «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያለ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚገዛ ዘመድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥቂት ይመስለኛል። ከነዚህ ብዙዎቹ ታይፎይድ ይዟቸው እንደማያውቅ መገመት ይቻላል።

አንቲባዮቲክ ያለ ቦታው ለመሰጠቱ ጀብራ ራሷ ሌላ ምስክር አላት። የጀብራ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል በ2020 የኮቪድ ለይቶ ማቆያ ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ሰው አዚትሮማይሲንን እንደ ኮቪድ መድኃኒት ይወስድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት፣ በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ከተኙት ሕሙማን የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ተጨምሮባቸው የነበሩት 8 በመቶ ብቻ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ግን 75 በመቶ ገደማ።

ካርቱም በሌላ በኩል ትክክለኛ ምርመራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለዓለም ያሳየች ከተማ ናት። በ1991 የተቋቋመው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል በሶባ ሆስፒታል አጠገብ ለአሥርት ዓመታት ያከመው እግርን እያሳበጠና እየሸነቆረ የሚያበላሽ በሽታ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በባክቴሪያ፣ ሌላው በፈንገስ ይመጣል፤ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የባክቴሪያው ዓይነት በኮትሪሞክሳዞልና በአሚካሲን ለወራት ታክሞ ይድናል። ለፈንገሱ እነዚህ መድኃኒቶች ምንም አያደርጉም። ማዕከሉ በጦርነቱ መውደሙ በ2025 ሲዘገብ ከሱዳን ድንበር ወዲህ ያለነውም የምናዝንበት ነው፤ በሽታው በገበሬና በእረኛ እግር ላይ ስለሚወጣ ድንበር አይለይም።

ወደ አወሳሰዱ ስንመለስ፣ እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ጠባይ አለው። ሲፕሮፍሎክሳሲንን (ሲፕሮን) እንመልከት። ካርቱም ላይ ማታ ማታ ሻይ በወተት መጠጣት የቤቱ ሁሉ ልማድ ነው። ሲፕሮ ከወተት ጋር ከተዋጠ ካልሲየሙ ይይዘውና ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። የብረት ኪኒን፣ ዚንክና የጨጓራ ማስታገሻም እንዲሁ ስለሚያደርጉት፣ ሲፕሮው ከእነሱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ለደም ማነስ ብረት የምትወስድ ሴት ይህን ካልተነገራት መድኃኒቱን በከንቱ ነው የምትውጠው። ሲፕሮ የጅማት ሕመምም ሊያመጣ ይችላል፤ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ካመመ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ዶክሲሳይክሊን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰዳል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት ጉሮሮን ያቆስላል። ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል፤ በካርቱም ፀሐይ ሻይ እየሸጠች የምትውል ሴት ፊቷ ሊቃጠል ይችላል። ክሎክሳሲሊን በባዶ ሆድ፣ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ነው። ኦግመንቲን በተቃራኒው ምግብ ሲጀመር ቢወሰድ ሆድን አይረብሽም። ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙው ሰው ፍላጄል የሚለው፣ ከጠላም ከአረቄም ጋር አይሄድም፤ ካለቀም በኋላ 2 ወይም 3 ቀን መታገሥ ነው። አፍ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ቢተው አያስደነግጥ። ኮትሪሞክሳዞል የሚወስድ ሰው በሙቀት አገር ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፤ ቆዳው ከተቆጣ ወይም አፉ ውስጥ ቁስል ከወጣ ግን ሌላ ፍሬ ሳይጨምር ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

መስኮቱ ላይ ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት አለርጂ ነው። ካርቱም ውስጥ «ሐሳሲያ» ይሉታል። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ በሽፍታ የተወረረ፣ ከንፈሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው አሞክሳሲሊንም፣ አምፒሲሊንም፣ ኦግመንቲንም አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። እርግዝናም እንዲሁ ነው። ለነፍሰ ጡር አሞክሳሲሊን ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን ሌላ አማራጭ እያለ አይሰጡም። አሠሪዋ እንዳያውቅባት እርግዝናዋን የደበቀች ሴት ለባለሙያው ብቻ ብትነግር ይበቃል።

የልጆች ሽሮፕ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙው በዱቄት መልክ ነው የሚሸጠው። መጀመሪያ ጠርሙሱን ነቅንቆ የተጋገረውን ዱቄት ማላቀቅ፣ ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ከምልክቱ ትንሽ ዝቅ እስኪል ጨምሮ በደንብ መበጥበጥ፣ አረፋው ሲወርድ እስከ ምልክቱ መሙላት። ውኃው ከበዛ ሕፃኑ የሚያገኘው መጠን ይቀንሳል፤ ካነሰ ይበዛበታል። ከእያንዳንዱ መጠን በፊትም እንደገና ይነቀነቃል፤ ካልሆነ መድኃኒቱ ታች ይቀመጥና ሕፃኑ መጀመሪያ ውኃ፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጭ ይጠጣል። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ስለሚለያይ አብሮት በመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ መስጠት ይሻላል። የተበጠበጠ ኦግመንቲን ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ከ7 ቀን በኋላም ይጣላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ፍሪጅ የሌለው ቤት ይህን አስቀድሞ ቢናገር ባለሙያው ሌላ ዓይነት ሊፈልግለት ይችላል።

ጾም ሲመጣ ጭንቀቱ ይጨምራል። የኛዎቹ ኦርቶዶክሳውያን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፤ ሙስሊሞቹ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሕመምተኛን አያስገድዱም፤ የንስሐ አባትን ማማከር ነውር የለውም። መጾሙን የወሰነ ሰው ግን ለሐኪሙ ይንገር፤ ለብዙ በሽታ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ አለ። የከፋው ዝም ብሎ የቀኑን መጠን ዘልሎ ማታ ሁለት ፍሬ መዋጥ ነው። የረሳ ሰው ባስታወሰ ጊዜ ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ይተወው። መደረብ አይገባም።

«እስከ መጨረሻው ጨርሱ» የሚለው የቆየ ምክር በ2017 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ በባለሙያዎች ተጠይቋል። ለብዙ በሽታዎች አጭር ሕክምና ከረጅሙ እኩል እንደሚሠራ ጥናቶች አሳይተዋል፤ መካከለኛ የሳንባ ምች ለያዘው አዋቂ እየተሻለው ከሆነ 5 ቀን ሊበቃው ይችላል። ይህ ግን ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ በሦስተኛው ቀን በራስ ሥልጣን ማቆም ማለት አይደለም። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ኪኒን ሲታከም እስከ 10 ቀን የሚሄደው የልብ በሽታን ለመከላከል ነው፤ የቁርጥማት ልብ በሽታ ደግሞ በኢትዮጵያም በሱዳንም ብዙ ወጣት ይጎዳል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ነው። ቀኑ እንደ በሽታው ይለያያል፤ የሚያሳጥረውም የሚያስረዝመውም ያዘዘው ሐኪም ነው። የተረፈ ፍሬ ለጎረቤት አይሰጥም፤ ለሚቀጥለውም ሕመም አይቀመጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ክፍል መድቧል፦ መጀመሪያ የሚታዘዙ፣ በጥንቃቄ የሚታዘዙ፣ ለመጨረሻ የሚጠበቁ። አሞክሳሲሊን ከመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው። በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በ2030 ከሚወሰደው አንቲባዮቲክ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ክፍል እንዲሆን ተስማምተዋል። ምክንያቱ በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የገደሏቸው ሰዎች 1.27 ሚሊዮን ገደማ ተብለው መገመታቸው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በ2015 እና በ2021 በጉዳዩ ላይ ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥታለች። ወረቀቱ መልካም ነው፤ መስኮቱ ላይ ግን «ሲፕሮ ስጠኝ» ያለ ሰው ዛሬም ሲፕሮ ያገኛል።

ሱዳን መድኃኒቷን ሁለት ጊዜ በጦር መሣሪያ አጥታለች። በነሐሴ 1998 አሜሪካ በሚሳይል የመታችው በሰሜን ካርቱም የነበረው የአል ሺፋ ፋብሪካ መድኃኒት የሚያመርት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ደግሞ የከተማዋን ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና ሆስፒታሎች አጎሳቆለ። ማከፋፈያው ሲቋረጥ ምንጩ የማይታወቅ መድኃኒት ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ከተመረመሩ የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ በ2017 ገምቷል።

ከጀብራና ከሌሎቹ ሰፈሮች የወጡ ብዙ ወገኖቻችን በገላባት አድርገው መተማ ገብተዋል። በመተማ አቅራቢያ ባለው የኩመር መጠለያ በ2023 ኮሌራ ሲገባ ዋናው ሕክምና በጨውና በስኳር የተዘጋጀው ኦአርኤስ ነበር፤ አንቲባዮቲክ ለከባድ ሕመምተኛ የሚጨመር እንጂ ውኃን የሚተካ አይደለም። መንገድ ላይ መድኃኒት ጀምሮ ድንበር የተሻገረ ሰው ሊጥለው የማይገባው አንድ ነገር ቢኖር የመድኃኒቱ ስምና መጠን የተጻፈበት ፓኬት ነው። አረብኛ የማያነበው የመተማ ወይም የጎንደር ሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም አይቶ ምን እንደተጀመረ፣ ስንት ፍሬ እንደተወሰደ፣ ስንት እንደቀረ ከዚያ ማወቅ ይችላል።