ተረትና እውነታ፦ ፓሪስ ላይ ከታክሲ ጋር ዋጋ መከራከር

አክስቴን በዋጋ ክርክር የሚረታት የለም። መርካቶ ውስጥ ስንቱ ነጋዴ «በቃ እናቴ፣ ውሰጂው» ብሎ እጁን ሰጥቷታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ልጇን ለመጠየቅ ፓሪስ ስትሄድ፣ ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ መውጫ ላይ ጥሩ ኮት የለበሰ ሰው «ታክሲ?» ብሎ ተቀበላት። በስልኩ ላይ 180 ዩሮ ጽፎ አሳያት። ሳቀችበት። ሻንጣዋን እየጎተተች ጥላው ሄደች፤ ተከተላት። ስልኩን ተቀብላ 90 ጻፈች፤ ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ 110 ላይ ተስማሙ። ጋር ዱ ኖር የተባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሲያወርዳት 70 ዩሮ እንዳተረፈች ነበር የምታስበው። ፈቃድ ያለው ታክሲ እዚያው ቦታ በ56 ዩሮ ያደርሳት ነበር። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ቅር እንዳላት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ታሪኩ ቡና ላይ ተወራ፤ ውሎ አድሮ ምክር ሆነ፦ «ፓሪስ ስትደርሱ የሚጠሩትን ግማሹን በሏቸው፤ ሳትነጋገሩ እንዳትገቡ።» ይህንኑ በቲክቶክ «ከልምዴ ላካፍላችሁ» እያሉ የሚያዞሩም አሉ። ታክሲ ተራው ላይ አንድ ቀን ተሰልፈው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ምክሩ ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ዋጋ ሳይነጋገር ላዳ የገባ ሰው መውረጃው ላይ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ሻርል ደ ጎል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአየር ማረፊያው እስከ ፓሪስ ከተማ ያለው የታክሲ ሒሳብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንግሥት የተወሰነ ቁርጥ ዋጋ ነው። በ2025 ተመን፣ ከሴን ወንዝ በስተሰሜን ባለው «ቀኝ ዳርቻ» ለሚወርድ 56፣ በስተደቡብ ባለው «ግራ ዳርቻ» ለሚወርድ 65 ዩሮ። የሚከፈለው ለመኪናው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም፤ አንድ ሰውም ገባ አራት ያው ነው። ለሻንጣ አይጨመርም፤ ለሌሊት አይጨመርም፤ ለእሑድም አይጨመርም። መንገዱ ቢጨናነቅ እንኳ ያው ነው።

እንግዲህ የሚደራደር ሹፌር ካጋጠማችሁ፣ ድርድሩ ራሱ ያጋልጠዋል። ፈቃድ ያለው ታክሲ የሚጠብቀው ውጭ፣ ተራው ላይ ነው። በመተግበሪያ የሚጠራው መኪና ደግሞ ቀድሞ መታዘዝ አለበት። ተርሚናል ውስጥ እየዞሩ መንገደኛ ማግባባት ለሁለቱም በሕግ ክልክል ነው። አዳራሹ ውስጥ ወደ እናንተ የሚመጣው ሰውዬ ታዲያ ከየትኛው ወገን ነው? ኮቱም ሆነ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ባጅ አያታላችሁ። «ዛሬ ባቡር አድማ ላይ ነው» ሊላችሁም ይችላል። ውሸቱ የሚያዘው ፓሪስ ውስጥ አድማ የተለመደ ስለሆነ ነው፤ ባቡር መኖር አለመኖሩን ግን ጣቢያው ያለውን ሰሌዳ አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። እውነተኛው ታክሲ ጣሪያው ላይ መብራት አለው፤ ባዶ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሰው ሲይዝ ቀይ ይበራል። ቆጣሪ አለው፤ ካርድ የመቀበልም ግዴታ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቁርጡ ዋጋ የሚሠራው ፓሪስ ከተማ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ዘመዳችሁ የሚኖረው ሴን ደኒ ወይም ሌላ የዙሪያው ከተማ ከሆነ ሒሳቡ በቆጣሪ ነው። እዚያም ቢሆን ክርክር የለም።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ቦታ አይፈልጉም። «ባቡሩ የሌባ ነው» ይባላል። ኪስ አውላቂ አለ፣ በተለይ ጋር ዱ ኖር አካባቢ። መርካቶም አለ፤ መርካቶ መሄድ ግን አልተውንም። አርኢአር ቢ የተባለው ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ ከተማ ያስገባል፤ ትኬቱ በ2025 ዋጋ 13 ዩሮ ነው። «2.50 ዩሮ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ከጥር 2025 ወዲህ ያ ትኬት በፓሪስና በዙሪያዋ ባሉ ሜትሮዎችና ባቡሮች ሁሉ ስለሚሠራ አባባሉ እውነት ይመስላል፤ የአየር ማረፊያዎቹ መስመር ግን አይጨምርም፣ ተቆጣጣሪ ካገኛችሁ ይቀጣችኋል። ርካሽ ትኬት ላይ «ፓሪስ ቦቬ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ካርታ ክፈቱ፤ ቦቬ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተርሚናል ወደ ተርሚናል ለመሄድም ታክሲ አያስፈልግም፤ በነፃ የሚያመላልስ ትንሽ ባቡር አለ።

ባቡር ይሻላል ታክሲ? ለብቻው ለሚሄድ ባቡር ነው የምለው። አራት አዋቂ ሆናችሁ ሻንጣ ካበዛችሁ ግን በ2025 ዋጋ ለባቡር 52፣ ለታክሲ 56 ነው፤ እዚያ ላይ እኔም አመነታለሁ።

አክስቴ ዘንድሮም ልትሄድ ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ «እሺ፣ እሰለፋለሁ» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ «ግን 56ቱን 50 አድርግልኝ ብለው ምን ይለኛል?»