የጭነት መኪና ሞተር ከመጠን በላይ ሲግል

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ከአሰብ ወደብ የተነሣ የእርዳታ እህል በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይጓጓዝ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ረጅም ዳገት ላይ ሞተር ቢግል እህሉ በመንገድ ይቀራል፤ ተረጂው ይራባል።

ሞተሩ የሚግለው በዝግታ ሲጓዝ ብቻ ከሆነ በቅድሚያ የሚመረመረው ቬንትሌተሩ ነው፤ በዚያን ጊዜ በራዲያተሩ ውስጥ አየር የሚያሳልፈው እርሱ ነውና። ቺንጊያው ከላላ ይጠበቅ፤ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። በሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዳም የሚግል ከሆነ ግን የውሃው መጠን፣ የራዲያተሩ መደፈንና የቴርሞስታቱ አለመከፈት ይታዩ።

ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን መክፈት ሰው ያቃጥላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለሆነም የስምሪት ኃላፊዎች መኪናው ከመነሣቱ በፊት ቺንጊያውንና ውሃውን ማስመርመር ይኖርባቸዋል።